የክሊኒክ ቀሚስ

በእኛ መንደር የታመመ ሰው ከቤቱ ሲወጣ በራሱ ልብስ አይወጣም። ደህና ልብስ ያለው ያለብሰዋል፣ ቡሉኮ ያለው ያነጥፍለታል፣ ጃንጥላ ያለው ይይዝለታል። መንገድ ላይ ያየው ሁሉ ይህ ሰው ወገን አለው እንዲል ነው። በሽታ ሰው የሌለውን ይደፍራል ይባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው።

የተዋሰውን የሚመልሰው በሽተኛው ራሱ ነው። ሲድን በእግሩ እየዞረ በየደጁ ያደርሳል። ታጥቦ፣ የተቀደደው ተሰፍቶ፣ ከተወሰደበት ተሽሎ ይመለሳል። እሱ ሳይመጣ ማንም የራሱን አይጠይቅም። በላዩ ላይ እያለ የሚወሰድበት የሞተ ሰው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቶቹ ይመጡና ሳይነጋገሩ የየራሳቸውን ያነሳሉ።

ይህን ያስቀደምኩት ያለዚህ ቀሪው ስለማይገባ ነው።

ጃንሆይ ከመውረዳቸው በፊት ከነበሩት ክረምቶች በአንዱ፣ ነሐሴ ላይ፣ ጎረቤቴ ከድጄ እንሰት ስትነቅል መቆፈሪያው አመለጣትና ባቷን ወጋት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጅ አልወለደችም። እንሰት መንቀል የወንድ ሥራ ነው፤ ግን በዚያ ወራት ወንዶቹ አዲስ አበባ ናቸው። ክርስቲያኑ ለመስቀል ይመጣል፣ እስላሙ ለአረፋ። እስከዚያ መንደሩ የሴትና የሽማግሌ ነው። ከድጄ ቁስሉን ደብቃ ቅጠል እያሰረች ሰነበተች። ያወቅነው የጎረቤቷ ሙሽራ ዘይባ እሳት ልትጭር ገብታ ሽታው በር ላይ ሲቀበላት ነው።

ተጠርቼ ሄድኩ። እግሯ እስከ ጉልበት አብጦ ያብረቀርቃል። በቁስሉ ዙሪያ ጠቁሯል። ፊቷ ላብ ብቻ ነው።

«ከድጄ፣ ምነው ሳትናገሪ?» አልኳት።

«ለማን ልናገር አባ ወልዴ? ለእርስዎ? እርስዎ ራስዎ በምርኩዝ ነው የሚቆሙት።»

ወልደአማኑኤል እባላለሁ። መንደሩ አባ ወልዴ ይለኛል። ክሊኒክ ትሄዳለች አልኩና ወጣሁ።

ክሊኒኩ ያለው ከቡታጅራ ወደ ቡኢ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ትንሽ ገበያ ነው። የገበያዋን ስም አልጽፍም። የመንግሥት ነው፤ መድኃኒቱም ከመንግሥት ይመጣል። ሲሠራ ድንጋዩን ያጋዝነው እኛ ነን። ያለው ይከፍላል፣ የሌለው በነጻ ይታከማል ተብሎ ተከፈተ። መርፌ የሚወጋው የድሮው ድሬሰር የሌለውን የሚለየው በሽማግሌ ቃል ነበር። ሽማግሌው ግቢው ውስጥ ይቆምና «የላትም» ይላል። ያ ይበቃል። እኔ ለብዙ ሰው ቆሜያለሁ፤ ላለው ግን ቆሜ አላውቅም። ነጋዴው ሀቢቡ በቅሎውን ከገበያው ማዶ አስሮ መጥቶ «ይቁሙልኝ» ቢለኝ «በቅሎህ ትቁምልህ» ብዬዋለሁ። ሌላ ሽማግሌ አግኝቶ ታከመ። የእሱ ብጤ በዛ። ይህን አልክድም።

በዚያ ዓመት የድሮው ድሬሰር ተዛወረ። አዲሱ አዲስ ትእዛዝ ይዞ መጣ። ነጻ ሕክምና ለፍጹም ድሃ ብቻ ነው። ከጭቃ ሹም ወረቀት ይምጣ፤ ወረቀቱ ቢመጣም ድሬሰሩ በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ። የሽማግሌ ቃል ከእንግዲህ አይቆጠርም። ይህ በገበያ ቀን ተለፈፈ። የወረቀቱ ነገር ገባን። በዓይኑ አይቶ የሚለው ግን አልገባንም፤ ሰምተን አለፍነው። እኛ ዘንድ ድህነት የሚደበቅ ነገር ነው። ሰው አይቶት ያረጋግጠዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ጭቃ ሹሙ ወረቀቱን አልከለከለንም። «ከድጄ ምንም የሌላት መሆኗን አውቃለሁ» ብሎ አስጽፎ ማኅተሙን አደረገበት።

በማግሥቱ ሴቶቹ አለበሷት። ሌላዋ ጎረቤታችን ዘርፈሽዋል ለመስቀል ያሰፋችውን ቀሚስ አመጣች። ከድጄ የራሷን ለማውለቅ አቅም ስላልነበራት ከላዩ ደረቡላት። ዘይባ የሙሽርነት ሻሿን አሰረችላት። ባሏ ከአዲስ አበባ የላከላትን ነጭ ሸራ ጫማም አመጣች። ያበጠው እግር አልገባ ስላለ በደህናው እግር ብቻ አደረጉላት።

«አንዱን ጫማ ምን ያደርግላታል?» አልኩ።

«አባ ወልዴ፣ ይሄ የሴት ነገር ነው፣ ይውጡ» አለችኝ ዘርፈሽዋል። ወጣሁ።

ሸረፋ ቡሉኮውን ቃሬዛው ላይ አነጠፈ። ከእኔ ጥቂት የሚያንስ ሽማግሌ ነው፤ ትከሻው ግን ገና ደህና ነበር። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። አዲስ አበባ በዘበኝነት ሳገለግል የገዛሁት ጥቁር ጃንጥላ ነው። ቃሬዛውን ሸረፋና ሴቶቹ እየተቀባበሉ ተሸከሙት። እኔ ከጎኗ እየሄድኩ ጃንጥላውን ያዝኩላት። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር።

መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ቆመ። ክርስቲያኑ «እግዜር ይማርሽ» አለ፤ እስላሙ «አላህ ያሽርሽ» አለ። አንዲት ባልቴት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችና «የማን ባለጸጋ ናት?» ብላ ጠየቀች።

«የእኛ» አለች ዘርፈሽዋል።

ከድጄ ቃሬዛው ላይ ሆና ፈገግ አለች። እኔም ደስ አለኝ። ዛሬ ያን ደስታ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሰው በግድግዳው ጥግ ተሰልፎ ዝናቡን ይጠለላል። ገበያ ቀን አልነበረም። ቃሬዛውን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልን። ድሬሰሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወጣት ነው፤ ካፖርቱ ነጭ፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው። አማርኛ የምችለው እኔ ስለነበርኩ ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ከዚያ ወደ ቃሬዛው መጣ። መጀመሪያ ያየው እግሯን አልነበረም።

«ምንም የሌላት ይላል» አለ።

«የላትም ጌታዬ።»

«ይሄስ?» በያዘው እስክሪፕቶ ነጩን ጫማ ነካው።

«ውሰት ነው።»

«ሻሹ?»

«ውሰት ነው።»

«ቀሚሱ? ቡሉኮው?»

«ሁሉም የጎረቤት ነው።»

«ጃንጥላውስ?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲህ ጃንጥላ የሚይዝላት ሰው አላት ማለት ነው» አለ።

ዘርፈሽዋል አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ምላሷ ግን ደህና ነው። «ጫማው የአንድ እግር ነው የኔ ጌታ። በግማሽ ድሃ ይቁጠሯት» አለችው።

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሳቀ። ድሬሰሩ አልሳቀም።

«አገሩ ሁሉ እያለው የለኝም ይላል» አለኝ። «ባለፈው ሰሞን አንዱ ምስኪን መስሎ መጥቶ ወጋሁት። ሲወጣ በቅሎ ላይ ተቀመጠ። ወረቀትም ነበረው። ወረቀት እናንተ ታስጽፋላችሁ፤ ስለ መድኃኒቱ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«እግሯን ይመልከቱ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ፈታ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ሥራውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በጣቱ ዙሪያውን ተጫነና ቀና አለ።

«መርፌ ዛሬውኑ መጀመር አለባት» አለ። «ነገ ብትሉ እግሩን ማትረፍ አይቻልም። ምናልባት እሷንም። ክፈሉና ልውጋት።»

«ከመስቀል በኋላ እንከፍላለን። ልጆቻችን ሲመጡ።»

«መንግሥት ዱቤ አይሰጥም።»

«ጃንጥላውን በመያዣ ይውሰዱት።»

«ይሄ ክሊኒክ እንጂ መያዣ ቤት አይደለም።»

«ቡታጅራ ብንወስዳትስ?»

«እዚያም ትእዛዙ አንድ ነው። በዚህ ጎርፍ እስክትደርሱም ይመሻል።»

በዚሁ ግቢ፣ በዚሁ ድንጋይ ላይ ቆሜ «የላትም» ስል ይበቃ ነበር። አሁንም ቆምኩ። ምርኩዜን አጠገቤ ተከልኩና «ሽማግሌ ነኝ፤ እምላለሁ» አልኩት።

«አባባ፣ የሽማግሌ ቃል አይቆጠርም ተብሏል እኮ። ገበያ ላይ አልሰሙም?»

አባባ አለኝ። ልጅ ለለማኝ እንደሚለው ነው ያለኝ። በዚያች ሰዓት አንቱታው ከአፌ ወደቀ።

«ታዲያ አንተ በምን ትለያለህ?»

«በማየው» አለ። «የማየው ደግሞ ይሄን ነው። በራሷ ልብስ ብትመጣ ኖሮ ይሄ ሁሉ ክርክር አልነበረም።»

ክፉ ነገር የተናገረ አልመሰለውም። ለእሱ ቀላል ነገር ነበር።

ቀድማ የገባት ዘርፈሽዋል ናት። ወደ ሸረፋ ዞራ በአገራችን ቋንቋ «አውልቁላት ነው የሚለው» አለች።

«አይሆንም» አልኩ። «በነፍስ ያለ ሰው አይገፈፍም።»

ሸረፋ አንገቱን ደፋ። «ገና ሳትሞት ጎረቤቶቿ ገፈፏት ይባላል» አለ። «በምን ዓይን መንደር እንገባለን?»

ከድጄ አማርኛ አታውቅም። ስንነጋገር ከአንዳችን ወደ ሌላችን ስታይ ቆየች።

«አባ ወልዴ፣ ምንድን ነው የሚለው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎን ነው የጠየቅኩ።»

ነገርኳት። ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ሳላለዝብ። የምትሞተው እሷ ናት፤ ልትሰማው ይገባል። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ራሷን የሳተች መስሎኝ ልጠራት ስል ገለጠችው።

«ዘይባ» አለች። «ነይ ጫማሽን ውሰጂ።»

ዘይባ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። «እኔ አልወስድም። እቴቴ፣ እኔ አልወስድም።»

«ነይ አልኩሽ። እግሬን ነው የምፈልገው።»

ዘይባ መጥታ ተንበረከከች። ክሩን መፍታት አቅቷት በመጨረሻ ሳትፈታው ጎትታ አወጣችው። ሻሹንም ፈታች። የከድጄ ጸጉር ሽበት መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ሸረፋ፣ ቡሉኮህን።»

ሸረፋና ሴቶቹ ቀስ ብለው ከሥሯ ሳቡት። እንጨቱ ላይ ቀረች። ሲያነሷት ከጉሮሮዋ ድምፅ ወጣ፤ አልጮኸችም። ሸረፋ ቡሉኮውን አጥፎ ክንዱ ላይ አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከሬሳ ላይ የራሱን ያነሳ ሰው እንዲሁ ነው የሚዞረው።

ድሬሰሩ ይህን ሲያይ ፊቱ ቀላ። «በቃ፣ ይበቃል» አለ።

«ምን አለ?» አለች ከድጄ።

«ይበቃል ነው የሚለው።»

«አይበቃም ይበሉት። አይቶ አምናለሁ ብሏል፤ እስኪያምን ይይ።»

ተረጎምኩለት። አንዲት ቃል አላጎደልኩም። ሊገባ ወደ በሩ ዞሮ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ ያየዋልና ቆመ።

«ዘርፈሽዋል» አለች ከድጄ።

«እኔን አትጥሪኝ።»

«ቀሚስሽ ለመስቀል ነው። መግል ሳይነካው ውሰጂው።»

ዘርፈሽዋል ምላሷ የትም የማይታጠፍ ሴት ናት። ያን ቀን ታጠፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘርግተው ከለሏትና ቀሚሱን በራሷ በኩል አወጡት። ነጠላዎቹ ሲወርዱ ከድጄ በራሷ ቀሚስ ሆና ታየች። አቡጀዲ ነው፤ በጊዜ ብዛት አፈር መስሏል። ትከሻው ላይ በሌላ ጨርቅ ተጥፏል። ጎኑ እስከ ወገቧ ተቀዷል፤ የጎድን አጥንቷ ይታያል። መቀነቷ የቃጫ ገመድ ነው። ያ ሁሉ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር ይህን ቀሚስ አላየሁትም። ከቤቷ ስትወጣ ሁልጊዜ ነጠላ ደርባ ነበር የምትወጣው፤ ለካ ነጠላዋ ይህን ስትሸፍን ነው የኖረችው።

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«አባ ወልዴ፣ ጃንጥላዎን ይዝጉት።»

«ይዘንባል ከድጄ።»

«ይዝጉት።»

ዘጋሁት። ዝናቡ ወረደባት። ፊቷን አላዞረችም፤ እንደተኛች ድሬሰሩን ማየቷን ቀጠለች። ዘግቼ ብብቴ ውስጥ ያስገባሁት ጃንጥላ አሁንም ብብቴን ይወጋኛል። በዕድሜዬ ብዙ ግፍ አይቻለሁ። ጭሰኛ ከነልጆቹ ሲነቀል አይቻለሁ፤ ሰው ሲገረፍ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ማንም ዱላ አላነሳም። ማንም አልተሳደበም። በገዛ እጃችን ነው ያደረግነው፤ እሱ ቆሞ አየ እንጂ።

«አስገቧት» አለ ድሬሰሩ።

ወጋት። ቁስሉን አጥቦ አሰረው፤ እጁ ጥሩ ነበር። መርፌው እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ መምጣት ስላለባት ገበያው አጠገብ ያለች የሸረፋ ዘመድ ቤት ተኛች። እግሯ ተረፈ። ጅማቷ ስለተሸበሸበ እስከ ዛሬ ታነክሳለች።

መንደሩ ግን ደህና አልሆነም። ያን ዕለት ማታ ባዶ ቃሬዛ ይዘን ስንመለስ፣ ሸረፋ ቡሉኮውን በክንዱ፣ ዘርፈሽዋል ቀሚሷን በብብቷ አድርጋ ያዩን ሴቶች ሙሾ ጀመሩ። ሞታለች ብለው ነው። አልሞተችም ብንልም ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። የተገፈፈ ሰው በነፍሱ አለ ሲባል ሰምተው አያውቁም።

ለአውራጃው አቤት እንበል ያሉ ነበሩ። ትእዛዙ የመጣው በዚያው በኩል ነው። መግረፊያውን ለያዘው ጀርባዬን አየህልኝ ወይ ማለት ነው አልኳቸው።

ከድጄ በመስከረም መጀመሪያ ተመለሰች። በማግሥቱ ጠዋት ደጄ ላይ የዱላ ድምፅ ሰማሁና ወጣሁ። እጇ ባዶ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም አባ ወልዴ። ልመልስ ነው የመጣሁት» አለች።

«ምኑን?»

«የለም የምመልሰው። ግን በእግሬ መጥቻለሁ።»

እንዲህ እያለች ዘይባ ጋ ሄደች፣ ሸረፋ ጋ ሄደች፣ ዘርፈሽዋል ጋ ሄደች። በየደጁ ባዶ እጇን ቆማ፣ ሰው ወጥቶ ካያት በኋላ ወደሚቀጥለው ታነክሳለች። ዘርፈሽዋል ያን ቀሚስ ለመስቀል አልለበሰችውም። ከዚያም ወዲህ ለብሳው አላየሁም።

ጥቅምት ላይ የሸረፋ ሚስት አሚኔ ታመመች። ሳል ነው፤ ደም ይቀላቅላል። እንደ ልማዳችን ተሰበሰብን። የሚሰጥ ነገር ይዞ የመጣ ግን የለም። ሴቶቹ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። እንዴት አድርገው እንደሚያወጧት አላወቁም። ከሁላችን ኋላ ከድጄ መጣች፤ ያን አቡጀዲ አጥባ አጥፋ ይዛለች።

«ይሄን አልብሷት» አለች። «ይሄን ያምነዋል።»

አሚኔ ደህና ቀሚሷን አውልቃ ያን ለበሰች። ጫማ ያላት ሴት ናት፤ ባዶ እግሯን ሄደች። ወረቀቱን ሰጠሁ፤ ድሬሰሩ ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች አየና «ግቢ» አላት። አልተከራከረም።

ከዚያ ወዲያ ቀሚሱ የመንደሩ ሆነ። የክሊኒክ ቀሚስ እንለዋለን። የታመመች ሁሉ ከከድጄ ቤት ትወስዳለች። ለወንዶቹ የሸረፋ አሮጌ ካፖርት አለ፤ እጅጌ የለውም። ድሃም፣ ደህና የሚኖርም እኩል ይለብሰዋል፤ ሀቢቡ ራሱ ካፖርቱን ሊዋስ መጥቶ ነበር። ማጭበርበርን ለማጥፋት የወጣ ትእዛዝ መንደሩን በሙሉ አጭበርባሪ አደረገው። ድሬሰሩ ያንኑ ቀሚስ በወጣቷም በባልቴቷም፣ በረጅሟም በአጭሯም ላይ አይቶታል። አንድም ቀን አላወቀውም። ቀዳዳውን እንጂ ፊታቸውን አያይማ።

በበጋው ዘይባ እርጉዝ ሆና እግሯ ማበጥ ሲጀምር ወደ ክሊኒክ ሄደች። ደህና ተመለሰች። ቀሚሱን በሦስተኛው ቀን ለከድጄ አደረሰች።

በዚያው ቀን ማታ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ በአጥሩ በኩል ሳልፍ ከድጄ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አየሁ። ቀሚሱ ጭኗ ላይ ነው። በእሾህ ጎኑ ላይ አንድ ነገር ትለቅማለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ዘይባ ሰፍታዋለች።»

ቀረብ ብዬ አየሁ። እስከ ወገብ የነበረው ቀዳዳ በነጭ ክር ተሰፍቷል፤ ጥቃቅን፣ ተራውን የጠበቀ ስፌት ነው። የትከሻው ጥፍም በደህና ጨርቅ ተለውጧል። በሳሙና ታጥቦ ነጭ ወደመሆን ቀርቧል።

«ምን ነካት ይቺ ልጅ?» አልኩ።

«ምንም አልነካት። የሰው ልብስ ሲመለስ እንዲህ ነው ብላ እናቷ አስተምራታለች።» አንዷን ክር በእሾሁ ጫፍ አንስታ በጥርሷ በጠሰች። «ነገ የሸረፋ ምራት ትሄዳለች። በዚህ ብትሄድ ይመልሳታል።»

እዚያው ቆሜ አየኋት። የተሰፋው ጠብቆ ነበር፤ በአንድ እጇ ቀሚሱን፣ በሌላው እሾሁን ይዛ አልሆን አላት።

«አባ ወልዴ፣ ከቆሙ አይቀር ወዲህ ይቀመጡ» አለችኝ። «ይችን ጫፍ ወጠር አድርገው ይያዙልኝ።»

ምርኩዜን አጥሩ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ያዝኩላት።